በሩን ሳልቀረቅር

መጀመሪያ የሚመጣው የቱ ነው? ብርገጋው ነው ወይስ የትንፋሼ መቆም? እግሬ ደረጃ እንደሳተ ሰው ተወርውሮ ስለሚደነግጥ ነው ትንፋሼ የሚቋረጠው፣ ወይስ ትንፋሼ ቀድሞ ስለሚቆም ነው ገላዬ በርግጎ የሚቀሰቅሰኝ? ይህን ራሴን ስጠይቅ ብዙ ዓመት ሆነኝ። መልሱን የማገኝበት መንገድ የለኝም፤ ነገሩ በሚሆንበት ሰዓት እኔ የለሁማ። ነቅቻለሁ እንዳልል እንቅልፍ ይዞኛል፤ ተኝቻለሁ እንዳልል ጆሮዬ ገና የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። በሁለቱ መካከል ባለች ቀጭን ቦታ ላይ ገላዬ ብርግግ ይላል፤ ከዚያ አፌን ከፍቼ አየር ስስብ ራሴን አገኘዋለሁ። ምን ያህል ሳልተነፍስ እንደቆየሁ ግን የሚነግረኝ የለም።

ብርገጋውን ሰው ፊት ያወጣብኝ የደሴና የኮምቦልቻ መንገድ ነው። የምኖረው ደሴ፣ ከፒያሳ ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ በተከራየሁት አንድ ክፍል ነው፤ የምሠራው ኮምቦልቻ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ። ጠዋት ሹራቤን ለብሼ ሚኒባስ እሳፈራለሁ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሹራቡን አውልቄ ጭኔ ላይ አጥፈዋለሁ። ሙቀቱ ከታች ሲቀበለኝ ዓይኔ ይከደናል። አንድ ቀን ጠመዝማዛው ላይ ሸለብ እንዳደረገኝ ቀኝ እግሬ ተስፈንጥሮ የፊተኛውን ወንበር መታው። የተቀመጡበት ሽማግሌ "ቢስሚላህ" ብለው ዞሩ።

"ይቅርታ አባባ" አልኩ።

ረዳቱ ጢሙ የሸበተ ጎልማሳ ነው። "እህቴ፣ ፍሬኑን ለሹፌሩ ተይለት እንጂ" አለኝ። "አንቺ ከኋላ ከያዝሽው እሱ ምን ሊሠራ ነው?"

"ተዋት" አለ ሹፌሩ ከፊት ሆኖ። "እኔም ዛሬ ፍሬኔን ብዙ አላመንኩትም።"

መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ረዳቱ መናኸሪያው ላይ ሲያየኝ "ፍሬን መጣች፣ ቦታ ልቀቁላት" ይል ጀመር። አልከፋኝም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሰው በሹክሹክታ ነው የሚያናግረኝ፤ ቤቴ ስመለስ ደግሞ የሚያናግረኝ የለም። ከጠዋት እስከ ማታ ድምፁን ከፍ አድርጎ የጠራኝ ብቸኛ ሰው ያ ረዳት የሚሆንባቸው ቀናት ነበሩ።

የሳቁት ግን በእግሬ ነበር። ትንፋሼን ያየ የለም።

እርግጥ አንድ ሰው አይቶታል። በአሥራ ስምንት ዓመቴ ኩታበር ተዳርኩ። አንድ ጠዋት ባሌ ቂጣውን እየቆረሰ፣ "አንቺ እኮ ስትተኚ ትሞቻለሽ" አለኝ። "ቁርጥ ትያለሽ። ሞተች ብዬ ልነሳ ስል ተመልሰሽ ትመጫለሽ።" እየሳቀ ነበር የተናገረው። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ወጡ ጨው በዛበት እንደተባልኩ ነበር የቆጠርኩት፤ ነቀፌታ መሰለኝ። ምን ያህል እቆያለሁ? ብርገጋው ከዚያ በፊት ነው በኋላ? ብዬ ልጠይቀው የምችልበት ሁለት ዓመት ነበረኝ። አልጠየቅሁም። ልጅ ሳይሰጠን ተለያየን፤ እሱ ወደ ቆላ ወረደ፣ እኔ ደሴ ገባሁ። አሁን የት እንዳለ አላውቅም። በሕይወት ካለ፣ ስለ እንቅልፌ የሚያውቅ ሰው በዚህ ዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው።

ደሴ ሰው ቤት እየሠራሁ የማታ ትምህርት ጀመርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደል አያባክንም፤ እያንዳንዷን በስንት ልመና እንዳገኛት ያስታውሳል። ከዚያ ይመስለኛል ግምት የማልወደው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ መጽሐፍ ከቦታው አንድ መጽሐፍ አልፎ ቢቀመጥ አያለሁ፤ ተማሪዎቹም ይህን ያውቃሉና ሲመልሱ ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ስለ ራሷ ትንፋሽ "አላውቅም" ማለት ይከብዳታል።

ስለዚህ ደብተር ያዝኩ። በግራ በኩል "ብርገጋ"፣ በቀኝ በኩል "ትንፋሽ" ብዬ ጽፌ፣ በነቃሁ ቁጥር በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ሦስት ወር ሙሉ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ ቁጭ ብዬ ሳነበው የተረዳሁት አንድ ነገር ነው፤ ደብተሩ የሚያውቀው የነቃሁባቸውን ብቻ ነው። ያልነቃሁባቸው የትም አልተጻፉም። እንደዚያ ጎደሎ የሆነ መጽሐፍ በእጄ ገብቶ አያውቅም።

ከሳይንስ መደርደሪያው ላይም ፈለግሁ። ብርገጋው ጤነኛ ሰው ላይም እንደሚመጣ፣ ድካምና ቡና እንደሚያባብሰው አነበብኩ፤ ቡናዬን ተውኩ። ስለ ትንፋሹ ያገኘሁት ግን ሐኪም ማማከር ይገባል የሚል ነው። አማከርኩ። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። የተቀበለችኝ ባለሙያ ልጄ ልትሆን የምትችል ገራም ወጣት ናት። ግፊቴን ለካች፣ ጉሮሮዬን በባትሪ አየች።

"ያንኮራፋሉ?"

"አላውቅም።"

"ትንፋሽዎ ሲቆም ምን ያህል ይቆያል?"

"አላውቅም።"

"አይጨነቁ፣ ይሄን የተኛው ሰው ራሱ አያውቀውም" አለች እየጻፈች። "አብሮዎት የሚያድረውን ሰው ይጠይቁና ተመልሰው ይምጡ። ባለቤትዎም ቢሆኑ፣ ልጅም፣ እህትም። አንድ ሁለት ቀን ልብ ብለው ይዩዎትና ያዩትን ይንገሩን። እሱን ይዘን ወደ ሆስፒታል እንጽፍልዎታለን።"

"እሺ፣ እጠይቃለሁ" አልኩ።

ከክሊኒኩ እስከ መናኸሪያው እየሄድኩ ሰው ፈለግሁ። እናትና አባቴ የሉም። ኩታበር አንድ ወንድም አለኝ፤ ብነግረው በማግስቱ መጥቶ "ብቻሽን መኖሩ ይብቃሽ፣ ነይ ግቢ" ይለኛል፤ እንቢ ማለትም አልችል፤ ሥራዬም መጽሐፎቼም እዚያው ያበቃሉ። የሥራ ባልደረቦቼ ጥሩ ሰዎች ናቸው። ግን ማንን ነው ቤቴ እደሪና ትንፋሼን ስሚልኝ የምለው? ሰው ስኳር ይዋሳል፣ ጃንጥላ ይዋሳል። ይሄን የሚዋስ አላየሁም። ወደ ክሊኒኩ አልተመለስኩም። በዚያ በኩል ሳልፍ መንገድ መሻገር ጀመርኩ።

በዚያው ሰሞን ከግቢያችን ሁለት ቤት አልፈው ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩ ጡረተኛ ሞቱ። ሦስት ቀን ማንም አላወቀም። በሦስተኛው ቀን ወንዶቹ መጥረቢያ አምጥተው በሩን ሰበሩት። እኛ ሙስሊሞች ጀናዛን በዕለቱ ነው የምንቀብረው፤ ሬሳ ማሳደር ይከብደናል። ስለዚህ ለቅሶው ላይ ሰው ያወራው ስለ ሞቱ ሳይሆን ስለ ሦስቱ ቀንና ስለ በሩ ነበር። "እንዴት ያለ በር መሰለሽ፣ እንደ ፍልጥ አደረጉት" አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት። ቤቴ ገብቼ የራሴን በር አየሁት።

የእኔ በር ደግሞ ተራ በር አይደለም። የአከራዬ አማት ከየመን መጥተው ደሴ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ፤ እኔ የምኖርበት ክፍል የዕቃ ማከማቻቸው ነበር። በሩን ያሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ወፍራም እንጨት፣ ላዩ ላይ አበባ የተቀረጸበት፣ ከውስጥ በኩል የክንድ ርዝመት ያለው የብረት መቀርቀሪያ ያለው። አከራዬ ባላቸው የሞተባቸው፣ ስድሳ አምስት ያለፋቸው እናት ናቸው። ቤቱን የተከራየሁ ቀን፣ "ክፍሉን እንደወደድሽ። በሩን ግን እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂልኝ" ነበር ያሉኝ። "ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሚስማር እንኳ አላስመታበትም።"

ሌላም ልማድ አላቸው። ከማታው የኢሻ ሶላት በኋላ ጋደም ብለው የሦስታችንን የተከራዮቻቸውን መቀርቀሪያ ያዳምጣሉ። ሦስቱም ቋ ቋ ካላሉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ይህን ልማዳቸውን አውቅ ነበር። አውቄ እንዴት እንደዘነጋሁት ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ።

ከዚያ ለቅሶ በኋላ በሩን ሳልቀረቅር መተኛት ጀመርኩ። ሞት ቢመጣ ይምጣ፤ ግን ሰው በሩን ገፍቶ ይግባ፤ መጥረቢያ አይነሳ። አንዱን ካሰብኩ ሌላውን ማሰብ ግድ ሆነ። ሻሼን አስሬ መተኛት ያዝኩ፤ ሰው ተገላልጬ እንዳያገኘኝ። ማታ ማታ እየታጠብኩ ንጹሕ ልብስ ለበስኩ። ሬሳ አጣቢዎቹ ሴቶች ሲገቡ ክፍሉ እንዳይከረፋቸው ትንሽ ሽቶ ጠብ አደረግሁ። ውዱእ አድርጌ፣ ሸሃዳዬን ብዬ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወረቀት አስቀምጬ እጋደማለሁ። ወረቀቱ ላይ የወንድሜ ስልክ ቁጥር አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ የተዋስኳቸው የሁለት መጻሕፍት ስም፣ እባካችሁ መልሱልኝ የሚል። የተሟላ መሰለኝ። እንቅልፌ ግን ባሰበት፤ በሩ ክፍት መሆኑን ገላዬ ያውቃልና ጨርሶ አላስተኛ አለኝ።

እንዲህ ሳለሁ አከራዬ ቀዘቀዙብኝ። ጠዋት "እንዴት አደርሽ መምህርት" ይሉኝ ነበር፤ መምህርት አይደለሁም፣ መነጽር ያደረገ ሁሉ ለእሳቸው መምህር ነው። አሁን ሰላምታቸው አጠረ። ጁምዓ ጁምዓ ይልኩልኝ የነበረው ሳህን ቀረ። የንጋቱን ሱብሂ ሰግደው ሲወጡ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው በሬ ላይ ሆነ። ውሃ አብዝቼ ይሆናል ብዬ ከሁለት ባልዲ ወደ አንድ ቀነስኩ። አልሞቁም።

አንድ እሑድ ከቀትር ሶላት በኋላ የሱፍ ፍራሻቸውን ፀሐይ ሊያሰጡ ብቻቸውን ሲታገሉ አየሁ።

"ነይማ፣ ይሄን ጫፍ ያዥልኝ" አሉኝ።

ያዝኩላቸው። ግቢው መሀል ምንጣፍ ላይ ዘረጋነው። ሌሎቹ ተከራዮች ገበያ ወጥተዋል። ፍራሹን በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ፣ ቀና ሳይሉ፣

"ሰውየው ማነው?" አሉኝ።

"የቱ ሰውዬ?"

"እኔማ ባውቀው እጠይቅሽ ነበር?"

"እትዬ፣ ምን እንደሚሉ አልገባኝም።"

"አርባ ቀን ሊሆነው ነው መቀርቀሪያሽን ካልሰማሁ። ማታ ማታ ትታጠቢያለሽ። የክት ልብስሽን ትለብሻለሽ። ሽቶሽ እኔ መስኮት ድረስ ይመጣል፤ ማሻአላህ፣ ጥሩ ሽቶ ነው። በር ከፍቶ የሚተኛ ወይ ሌባ የማይፈራ ነው፣ ወይ እንግዳ የሚጠብቅ ነው። አንቺ ደግሞ እንኳን ሌባ ድመት ትፈሪያለሽ።"

"ወላሂ እትዬ፣ ማንም..."

"አትማይ። መሐላ ከባድ ነው።" አሁን ቀና አሉ። "እኔ አልተቆጣሁም። አርባ አልፎሻል፣ ሰው ነሽ፣ ብቸኝነት ለማን ይመቻል። ቁም ነገር ያለው ከሆነ በወጉ ይምጣ፣ ኒካሕ ይታሰር፤ ዱበርቲ እናቶችን እኔው ሰብስቤ ዱአ አስደርግልሻለሁ። ወግ የሌለው ከሆነ ግን ይሄ ሶላት የሚሰገድበት ግቢ ነው። ክፍሌን ትለቂልኛለሽ።"

ለአፍታ ልዋሽ አሰብኩ። አለ፣ በወጉ ይመጣል፣ ትንሽ ይታገሱን ልል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሰው አለ ማለት ሰው የለም ከማለት ቀለለኝ። ክፍሉን ማጣት፣ ስሜን ማጣት፣ ሁለቱም ታዩኝ፤ ከሁለቱ ይልቅ የከበደኝ ግን ያንን ቃል ጮክ ብሎ መናገሩ ነበር።

"ሰው የለም እትዬ" አልኩ። "ችግሩ እሱ ነው። ስተኛ ትንፋሼ ይቆማል። አንድ ቀን ሳይመለስ ቢቀር በሩን በመጥረቢያ እንዳይሰብሩት ብዬ ነው።"

እጃቸው ፍራሹ ላይ ቀረ።

"በሩን?"

"አዎ።"

"ሽቶውስ?"

"ለአጣቢዎቹ።"

"ልብሱስ?"

"ያው ነው። ሰው እንዳያፍርብኝ። ወረቀትም ጽፌ አስቀምጫለሁ።"

"ምን የሚል?"

"የወንድሜ ስልክ። ደግሞ ሁለት የትምህርት ቤት መጻሕፍት አሉ፣ እንዲመለሱ።"

መጽሐፎቹ ጋ ስንደርስ ሳቃቸው አመለጣቸው። ፍራሹ ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ፤ ስቀው ስቀው በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሳቁ ካቆመም በኋላ መጥረጉን አላቆሙም።

"ያ ረቢ" አሉ። "አርባ ቀን ሙሉ እኔ ለአንቺ ሙሽራ ስጠብቅ፣ አንቺ ለራስሽ ጀናዛ ታሰናጃለሽ።"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ባሌ ስለተናገረው፣ ስለ ሚኒባሱ፣ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ክሊኒኩ ነገርኳቸው። በቅደም ተከተል ነው የነገርኳቸው፤ ሌላ አነጋገር አላውቅም። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"ስሚኝ" አሉ ስጨርስ። "በር እንጨት ነው። አማቴ ከእንጨት አሠሩት፤ የአላህ እንጨት አላለቀም። መጥረቢያውን እኔው ራሴ ነኝ የማነሳው። ከዛሬ ጀምሮ ትቀረቅሪያለሽ። ሱብሂ ላይ ሲከፈት እሰማለሁ፤ ካልሰማሁ እሰብረዋለሁ። ገባሽ?"

"ገባኝ።"

"ሐኪሟ ማንን አምጪ አለች?"

"አብሮኝ የሚያድር ሰው።"

"እኔ ነኛ። በአንድ ግድግዳ አይደለም የምናድረው? ማክሰኞ አብረን እንወርዳለን። ለኮምቦልቻ ሙቀት የሚሆን ስስ ልብስ አለኝ፣ ከለበስኩትም ስንት ዓመቱ።"

"ግን እትዬ፣ ምን አየሁ ይሏታል? አላዩም እኮ።"

"እሱስ እውነትሽን ነው። እንግዲያው ልይ። ተኚ።"

"አሁን?"

"ፍራሹ ሞቋል። እንቅልፍ ደግሞ ካጣሽ አርባ ቀንሽ ነው፤ ዓይንሽ ይናገራል።"

በርጩማ አምጥተው ራስጌዬ ተቀመጡ፤ ከኪሳቸው መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሐቸውን አወጡ። "በአንድ ትንፋሽ አንድ ፍሬ አሳልፋለሁ" አሉ። "ስትቆሚ ጣቴም ይቆማል።"

"ብርገጋው ከትንፋሹ በፊት ይሁን በኋላ ልብ ይበሉልኝ።"

"እሺ መምህርት። ፈተና አደረግሽው እንዴ? ዝም ብለሽ ተኚ።"

ፀሐዩ የሱፉን ሽታ አውጥቶታል። አጠገቤ ሰው ተቀምጦ ከተኛሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ፍሬዎቹ እርስ በርስ ሲነኩ የሚያሰሙትን ትንሽ ድምፅ ሰማሁ፤ አንድ፣ ቆይቶ ሌላ፣ ቆይቶ ሌላ። መቼ እንደተውኩት አላውቅም።

እግሬ ተወርውሮ ነቃሁ። አፌ ተከፍቷል፣ አየር እየሳብኩ ነው። ፀሐዩ ከፍራሹ ወጥቶ ግድግዳው ጋ ደርሷል። ዞሬ አየኋቸው። አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ፣ ከንፈራቸው ተላቆ፣ ያንኮራፋሉ።

ቀስ ብዬ ተነስቼ እጃቸውን አየሁ። ጣታቸው የቆመበትን ፍሬ ከጫፉ ጀምሬ ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠነኛው ላይ ነው። ትንፋሼ እዚያ ላይ ቆሞ ይሁን፣ እሳቸውን እንቅልፍ እዚያ ላይ ወስዷቸው ይሁን፣ ከሙስበሐው የሚታወቅ ነገር የለም።

ልቀሰቅሳቸው እጄን ዘርግቼ ተውኩት። ተመልሼ ተጋደምኩና የእሳቸውን ትንፋሽ መስማት ያዝኩ። ረጅም ነው፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ያፏጫል፣ አይቆምም። እንዲህ ሆነን ሳለን የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት አዛን ተሰማ።

ዓይናቸውን ሳይገልጡ "አለሽ?" አሉኝ።

"አለሁ እትዬ።"

"እኔም ዓይኔን ጨፈን አደረግሁ እንጂ አልተኛሁም" አሉ፤ ጣታቸውም ወደ ሃያኛው ፍሬ አለፈ።